ልጄ የሰለጠነበት የአዳማ መንጃ ማሰልጠኛ፦ ክፍሉ ግሩም ነው፣ መኪናው ላይ ግን ገና ይቀራቸዋል

ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ ልጃቸውን መንጃ ፈቃድ ሊያስወጡ ለሚያስቡ ወላጆች ነው። ልጆቹም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የማሰልጠኛውን ስም አልጽፍም። ምስጋናም ቅሬታም አለኝ፣ ቅሬታው ደግሞ አንድ ወጣት አሰልጣኝን ስለሚነካ እንጀራውን ልዘጋበት አልፈልግም። ያየሁትን ግን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፣ እናንተ የትኛውም ማሰልጠኛ በር ላይ ስትቆሙ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ስነዳ ነው ያረጀሁት። አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ በዚያው። አሁን መኪናውን ሸጬ ቤት ገብቻለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶ የተገለበጠ አይቻለሁ፣ ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል የገባ አይቻለሁ፣ ግመል ድንገት ገብቶበት መሪ የጠመዘዘም አይቻለሁ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን መኪናው ደህና፣ መንገዱም ደህና ሆኖ ሹፌሩ ጠጥቶ ወይም ስልክ ሲነካካ የደረሰው ነው። አንድ እሑድ ጎህ ሲቀድ ከወለንጪቲ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ገጠመን። ዳር የቆመ ተሳቢ ሥር የገባ የቤት መኪና ነበር፣ ውስጡ ከምርቃት ድግስ የሚመለሱ ልጆች አሉ። እኔና ረዳቴ ሌላ መኪና እንዳይደግማቸው ቅጠል ቆርጠን መንገዱ ላይ አነጠፍን፣ ከዚያ ሰው ማውጣት ጀመርን። ከአራቱ ሁለቱ ተረፉ። ሲነዳ የነበረው ልጅ አልተረፈም፣ ገና ጢሙ በደንብ ያልወጣ ልጅ ነበር፣ ጋቢናው በሙሉ አረቄ አረቄ ይሸታል።

ስለዚህ የመጨረሻው ልጄ 12ኛ ክፍል ጨርሶ "አባዬ፣ መንጃ ፈቃድ ላውጣ" ሲለኝ፣ ማሰልጠኛ ስመርጥ የያዝኩት ጥያቄ አንድ ነበር። ልጄን የሚያዘጋጁት ለፈተናው ብቻ ነው ወይስ ለቅዳሜ ማታም ጭምር? ፈተናውን ሁሉም ያልፈዋል፣ ዛሬ ቢወድቅ ሌላ ቀን ያልፋል። ጓደኞቹ ጠጥተው "አንተ ንዳው" ሲሉት፣ ወይም የጠጣው ጓደኛው ቁልፍ ይዞ "ግቡ እንሂድ" ሲል ምን እንደሚያደርግ ግን የትኛውም ፈታኝ አይጠይቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው። ከማንኛውም በሽታ በፊት ማለት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ሳልሰማም መንገዱ ነግሮኝ ነበር።

ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ። አንደኛው ማሰልጠኛ ገና ስገባ "አባቴ አይጨነቁ፣ ክፍል ባይመጣም ጥያቄዎቹን እንሰጠዋለን፣ ሸምድዶ ያልፋል" አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ሌላው ጋ ደግሞ በሩ አጠገብ ደላላ አለ፣ ልጁ መሪ ሳይጨብጥ ፈቃዱን እንደሚያስጨርስ በሹክሹክታ ይነግርሃል። እባካችሁ ለእንዲህ ያለ ሰው ብር አትስጡ። በገዛ ገንዘባችሁ ልጃችሁን ሳይችል መንገድ ላይ መልቀቅ ነው።

ይህኛው ጋ ስሄድ የሳበኝ የሥራ አስኪያጁ አንድ ንግግር ነው። "ጋሼ፣ ከፈለጉ ክፍል ገብተው ከልጁ ጋር ይቀመጡ" አለኝ። እንዲህ ያለኝ ሌላ ቦታ አልነበረም። ዋጋቸው ከጠየቅኳቸው መካከል መሀል ላይ ነው፣ በሁለት ጊዜ ከፍሎ መጨረስም ይቻላል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ማራገቢያው ይሠራል፣ በአዳማ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ለሚማር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምዝገባው ላይ ፎቶ፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃና የጤና ምርመራ ይጠይቃሉ፣ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ቲዎሪው።

አስተማሪዋ ወጣት ሴት ናት፣ ልጆቹ "ቲቸር" ነው የሚሏት። የትራፊክ ምልክቱን፣ የቅድሚያ ሕጉን፣ የሞተሩን ነገር እንደማንኛውም ቦታ ታስተምራለች፣ እሱ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ጥሩ ነው። የተለየችበት ስለ ስልክና ስለ መጠጥ የምታስተምርበት መንገድ ነው። "አትጠጡ፣ ስልክ አትንኩ" ብላ አታልፈውም። ሜዳ ላይ አውጥታ ታሳያቸዋለች።

የልምምድ ሜዳው ላይ በኖራ መስመሮች አስምራለች፣ በየ14 ሜትሩ አንድ፣ አምስት መስመር። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ አምስቱ መስመር አምስት ሰከንድ ማለት ነው፣ 70 ሜትር። ከዚያ አንድ ልጅ መነሻው ላይ ታቆምና "ለጓደኛህ 'መጣሁ፣ ጠብቁኝ' ብለህ ጻፍ" ትለዋለች። እሱ ሲጽፍ እሷ ጮክ ብላ ሰከንድ ትቆጥራለች፣ ጽፎ ሲጨርስ በቆጠረችው ሰከንድ ልክ ያለው መስመር ላይ ሄዳ ትቆማለች። የኔ ልጅ ጣቱ ፈጣን ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ስለሚውል። አራት ስትል ጨረሰ፣ አራተኛው መስመር ላይ ሄዳ ቆመች። ቀና ብሎ ሲያይ ሁለተኛው መስመር መሀል ላይ አንድ ሰልጣኝ ቆሟል፣ ቀድማ ያቆመችው ናት። ማንም ምንም አላለም። ልጄ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ያው ስሌት ለፍጥነት መንገዱ ተሠራ። የአዳማ ልጅ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ማግስት የሚያምረው የአዲስ አበባ አዳማን የፍጥነት መንገድ መንዳት ነው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰፊ፣ ለጥ ያለ፣ አይን የሚያሳርፍ መንገድ። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለአምስት ሰከንድ ስልክ ያየ ሰው ወደ 140 ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሳያይ ይሄዳል። መንገዱ ቀጥ ስላለ ስልክ ለማየት ይመቻል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። እኔ ደግሞ ከልምዴ የምላችሁ፣ ሹፌር የሚዘናጋው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው፣ ኩርባና ቁልቁለት ላይማ ማን ይዘናጋል፣ ነፍሱን ይዞ ነው የሚነዳው።

"ኢርፎን አድርጌ ነው የማወራው፣ እጄ መሪ ላይ ነው" የሚል ልጅ አይጠፋም፣ እዚያም አንዱ አለ። ቲቸር ጥሩ አድርጋ መለሰችለት። እያሽከረከረ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከማይጠቀመው አራት ጊዜ ያህል ይበልጣል፣ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው፣ በኢርፎን ወይም በስፒከር ማውራትም ከዚህ ብዙም አያድንም። እጅ ባይያዝም ሐሳብ ይያዛል። ከዚያ ማስመሪያ አወጣች። አንዱ ልጅ ማስመሪያውን ከላይ ይለቀዋል፣ ሌላው ከታች ሁለት ጣቱን ከፍቶ ሲወድቅ ይቀልበዋል። መጀመሪያ ዝም ብሎ፣ ቀጥሎ እናቱ ጋ ደውሎ ስለ ምሳ እያወራ። ሁለተኛው ላይ ማስመሪያው ጣቱ መሀል አልፎ መሬት ወደቀ። ቤት ውስጥ ሞክሩት፣ የሚያስፈልገው ማስመሪያ ብቻ ነው።

ቲክቶክ የሚቀርጹትን ነገር ግን ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ቅዳሜና እሑድ ውጡና እዩ። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ እጁ ስልክ ይዞ ራሱን የሚቀርጽ ልጅ፣ ከኋላ ጓደኞቹ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ይጨፍራሉ። በዚያው መንገድ ዳር ደግሞ ውኃ የያዙ ሴቶች፣ አህያ የሚነዱ ሕፃናት ይሄዳሉ። እነሱ ቪዲዮው ውስጥ የሉም። ቲቸር ይህን ስታነሳ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰው አቀረቀረ፣ እኔም አየሁ።

የመጠጡ ትምህርት የጀመረው በአንድ ልጅ ጥያቄ ነው። "ቲቸር፣ በ18 ዓመቴ መኪና መንዳት ከተፈቀደልኝ ቢራ ለምን ይከለክሉኛል?" አላት። እውነቱን ነው፣ በእኛ ሕግ አውቶሞቢል በ18 ይነዳል፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል። አብዛኛው ልጅ ይህን አያውቅም፣ የሚሸጡለትም እንዳላወቁ ይሆናሉ። እሷ የመለሰችው አሜሪካኖች እንዴት እዚያ እንደደረሱ በመንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ግዛቶቻቸው ሁሉ የመጠጥ ዕድሜን 21 እንዲያደርጉ የሚገፋ ሕግ አወጡ፣ የመንገድ በጀት ይቀነስባችኋል ብለው ጭምር፣ ምክንያቱ ደግሞ እየጠጡ የሚነዱ ወጣቶች በየመንገዱ መሞታቸው ነበር። ወላጆች ናቸው ገፍተው ያስወጡት። ስለዚህ ከ18 እስከ 20 ዓመት ያለ ሹፌር ጉዳዩ ግልጽ ነው፣ "ስንት ጠርሙስ ይፈቀድልኛል" የሚባል ነገር የለም፣ ዜሮ ነው።

ለትልልቆቹም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ0.05 ግራም እንዳይበልጥ ነው፣ ለወጣትና ለአዲስ ሹፌር 0.02። ለአዲስ ሹፌር ለምን እንዳነሰ ልጆቹ ጠየቁ። ልምድ ስለሌለው ነው። የቆየ ሹፌር ማርሽ ሲቀይር፣ ፍሪሲዮን ሲረግጥ፣ ስፖኪዮ ሲያይ አያስብበትም፣ እጅና እግሩ ያውቁታል። አዲሱ ሁሉንም እያሰበ ነው የሚያደርገው፣ አልኮል ደግሞ መጀመሪያ የሚያደክመው ይህንኑ ማሰቡን ነው። ክፋቱ የጠጣው ሰው ራሱ አይታወቀውም። ዳኝነቱ ቀድሞ ስለሚሄድ "ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ እንዲያውም ስጠጣ ነው የምነዳው" ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልነግራችሁም።

ቦርዱ ላይ የተጻፈው ስሌት ደግሞ ለእኔም ጠቅሞኛል። ጉበት አልኮሉን የሚያስወግደው በራሱ ፍጥነት ነው፣ ከአንድ ዴሲ ሊትር ደም በሰዓት 0.015 ግራም ገደማ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ 0.10 ይዞ የተኛ ሰው ደሙ ሙሉ በሙሉ የሚጠራው ጠዋት 1 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ቡና አያፋጥነውም። ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። ጥብስ በልቶበት፣ ሎሚ መጦበት፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ምንም። ቡና የጠጣ ሰካራም ንቁ ሰካራም ነው፣ ሌላ ለውጥ የለውም። ቅዳሜ ማታ ጠጥተው አዳር ቆይተው እሑድ በ11 ሰዓት "አሁን ለቆናል" ብለው የሚነሱ ልጆች አልለቀቃቸውም። ያ ወለንጪቲ ያየሁት ሰዓትም ያው ሰዓት ነበር።

ጨብሲውንም አልዘለለችውም፣ ለዚህ አከበርኳት፣ ብዙ አስተማሪ አፍሮ ያልፈዋል። እዚህ ከተማ ውስጥ ከሰዓት ሲቅሙ ውለው ማታ ምርቃናውን በቢራ ወይም በአረቄ የሚሰብሩ ወጣቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ጫቱ እንቅልፍ ስለሚያባርር የጠጣው ሰው እንደሰከረ አይሰማውም፣ አልኮሉ ግን ደሙ ውስጥ አለ። ጫቱ ሲለቀው ደግሞ ድካሙ በአንዴ ይመጣል፣ ያኔ መሪ ላይ ከሆነ አለቀ። የእኛ መስመር ሹፌሮችም እንቅልፍ ለማባረር ብለው የሚያደርጉትን አውቃለሁ። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳዱ 0.05 አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን የተጠና ነገር ነው። ሳይጠጣም ማለት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ግን የልምምዷ ክፍል ነው። ልጆቹን መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ አድርጋ አራት ወንበር ትደረድራለች። አንዱ የጠጣ ሹፌር ይሆናል፣ ሁለቱ "ፈሪ፣ ግባ እንጂ" የሚሉ ጓደኞች፣ አራተኛው እምቢ ማለት አለበት። ከባድ ነው፣ አይታችሁ ታምናላችሁ። የእኛ ልጆች በይሉኝታ ነው ያደጉት፣ ሠርግ ላይ ሚዜ ሆኖ "መኪናውን አንተ አትነዳም፣ ጠጥተሃል" ማለት ከሞት የከበደ ነገር ይመስላቸዋል። ሠርጉን ታውቁታላችሁ፣ ክላክሱ፣ ሰልፉ፣ በመስኮት መውጣቱ፣ በየሄዱበት ቤት የሚቀዳው። ቲቸር እንዲሉ ያስለመደቻቸው አጭር ነገር ነው። "እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ። አንተም ና።" ክርክር የለም፣ ምክር የለም፣ በሩን ከፍቶ መውረድ ብቻ። ያፈረ ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደግመው አፉ ይለምዳል። የኔ ልጅ መጀመሪያ ላይ ድምፁ አልወጣም ነበር፣ በኋላ ጥሩ አደረገ።

ሰው መብዛቱም ራሱ አደጋ እንደሆነ የሰማሁት እዚያ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ16 እና በ17 ዓመት ሹፌሮች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ጓደኛ ሲጨመር ሹፌሩ በአደጋ የመሞቱ ዕድል በ44 በመቶ ይጨምራል፣ ሁለት ሲሆኑ እጥፍ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ አራት እጥፍ ይሆናል።  ሳቁ፣ ሙዚቃው፣ "እሱን ቅደመው" የሚለው ብቻውን ይበቃል። እኔ ልጄን ፈቃዱን ባወጣ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ጓደኛ በላይ ጭኖ እንዳይነዳ ከልክዬዋለሁ፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው፣ እሱም ተስማምቷል።

ለወላጆችም የምታስተላልፈው መልእክት አላት፣ በወረቀት ጽፋ ትልካለች። ልጁ ሌሊት ደውሎ "የሚነዳው ሰው ጠጥቷል፣ ውሰዱኝ" ቢል፣ ያን ሌሊት ጥያቄም ቁጣም እንዳይኖር ትጠይቃለች። ይዞ መምጣት፣ ማስተኛት፣ ወሬው በማግስቱ። እናቱ መጀመሪያ "ይህማ ጠጡ ማለት ነው" ብላ ተቃውማ ነበር። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ልጁ እኛን ፈርቶ ከሰካራም ጋር ከሚሳፈር እኛን ቀስቅሶ ቢያስቸግረን ይሻላል፣ በዚህ ተስማማን፣ ለልጁም ሁለታችንም ባለንበት ነገርነው። ሌሊት 9 ሰዓትም ቢሆን እመጣለሁ አልኩት፣ ቃሌ ነው።

እስከዚህ ምስጋና ነው። አሁን ወደ መኪናው እንሂድ።

የተግባር ልምምዱ ላይ ያየሁት ነገር አናዶኛል። ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ የተማረ ልጅ መኪና ውስጥ ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጠው አሰልጣኝ ስልኩን አይለቅም። ዓይኔ ነው ያየው፣ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ከገበያው በኩል ወደ ዋናው መንገድ ሊገባ ሲል፣ በግራ ባጃጅ፣ በቀኝ ጋሪ፣ ከፊት ከባድ መኪና አለ፣ አሰልጣኙ ስልክ አንስቶ ስለ አንድ ቤት ኪራይ ያወራል። በእጁ "ግባ ግባ" ይለዋል። ልጄ ፍሬቻ ሳያሳይ ገባ፣ ባጃጁ ለጥቂት ሳተን። ልጁን ቀና ብሎ አላየውም፣ አላረመውም። ሲዘጋ ደግሞ ቪዲዮ ማየት ቀጠለ።

ልጅ የሚማረው ከሚነገረው ይልቅ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሲያደርግ ካየው ነው። ቲቸር በኖራና በማስመሪያ የገነባችውን ይህ ሰው በአንድ ጥሪ ያፈርሰዋል። "ለካ ይቻላል" ነው ልጁ ይዞት የሚሄደው። እኔ እዚያው ምንም አላልኩም፣ ልጄ መሪ ላይ ስለነበር አላስደነግጥም ብዬ። ሲቆም ግን ወርጄ ለብቻው አነጋገርኩት። ወጣት ነው፣ ተናዶ ነበር፣ "አባባ፣ እኔ እያየሁ ነው" አለኝ። እያየ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ። እሱ እውነቱን ለመናገር በደንብ ሰማኝ። በማግስቱ አሰልጣኞቹ ስልካቸውን ጸጥ አድርገው ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ እንዲከቱ አዘዘ፣ የኔ ልጅ አሰልጣኝም ተቀየረ፣ አዲሱ ትልቅ ሰው ነው፣ የቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ልጁን "ስፖኪዮ እየው፣ አሁንስ ማን መጣ፣ አሁንስ?" እያለ ነው የሚያስነዳው። ከእሱ ጋር ልጄ በአጭር ጊዜ ተለወጠ። ነገር ግን በኋላ በሜዳው ሳልፍ ከሌሎቹ አሰልጣኞች አንዱ አሁንም ስልክ ሲያወራ አይቻለሁ። ትእዛዙ ሁሉም ጋ አልደረሰም።

ሌላው ጉድለት የማታ ልምምድ አለመኖሩ ነው። ልጆቹ ሁሉ የሚሰለጥኑት በጠራራ ፀሐይ ነው። ይህ ልጅ የሚነዳው ግን ማታ ነው፣ ከሠርግ፣ ከልደት፣ ከእግር ኳስ ሲመለስ። መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከፊት ረጅም መብራት ያበራ ከባድ መኪና፣ ጥቁር ልብስ ለብሶ መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ጊዜ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁን ጠየቅኩት፣ "ነዳጅና የአሰልጣኝ ትርፍ ሰዓት ይበዛብናል" አለኝ። ይገባኛል፣ ነዳጅ ውድ ነው። ተጨማሪ ብር አስከፍለውም ቢሆን ቢጀምሩት እኔ እከፍል ነበር፣ ሌላም ወላጅ ይከፍላል። እኔ ልጄን ፈቃዱን ካወጣ በኋላ ራሴ ማታ ማታ እያስነዳሁት ነው፣ ይህን ማድረግ የማይችል ቤተሰብ ግን ብዙ ነው።

የመኪኖቹ ነገርም አለ። ፍሬኑ ጥሩ ነው፣ አሰልጣኙም የራሱ ፍሬን አለው፣ አይቼዋለሁ። የኋላው ወንበር ቀበቶ ግን አንደኛው መኪና ላይ አይሠራም፣ መቆለፊያው ተሰብሯል። ተራ የሚጠብቁ ሰልጣኞች ከኋላ ሆነው ነው የሚሄዱት። ቀበቶ ከፊት ለተቀመጠ ሰው የመሞት አደጋን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ብለው እያስተማሩ ኋላ ያለውን ያለ ቀበቶ መጫን አይሆንም። ይህ በትንሽ ገንዘብ የሚጠገን ነገር ነው። ነግሬያቸዋለሁ፣ እስክንጨርስ አልተጠገነም።

የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ እንደሌላው ቦታ ጥያቄ መሸምደድ ይሆናል። ቲቸርም ብትሆን ይህን ማስቀረት አልቻለችም፣ ልጆቹም ወላጆቹም የሚፈልጉት እሱን ነው፣ በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተና ስለሚያስጨንቅ። አልወቅሳቸውም። የሜዳው ትምህርት ከዚያ በፊት ስላለቀ ልጄ ጋ የቀረው እሱ ነው።

እንግዲህ ልመዝግብ ወይ ለምትሉኝ፣ ለቲዎሪው አዎ፣ ያለ ምንም ማመንታት። ለተግባሩ ደግሞ ስትመዘገቡ አሰልጣኙን ማን እንደሆነ ጠይቁ፣ አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጣችሁ እዩ፣ ስልክ የሚያነሳ ከሆነ እዚያው ይቀየርልን በሉ፣ ይቀይራሉ። ቀበቶውን ራሳችሁ ስባችሁ ሞክሩት። የሜዳው የስልክ ትምህርት ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ ወላጅ መግባት ይችላል፣ ኮፍያና ውኃ ያዙ፣ ጥላ የለውም። ሌላ ማሰልጠኛ የምትሄዱ ከሆነም ሥራ አስኪያጁን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ስለ መጠጥና ስለ ስልክ ስንት ሰዓት ታስተምራላችሁ፣ አሰልጣኞቻችሁስ መኪና ውስጥ ስልካቸውን የት ያስቀምጣሉ። የሁለተኛውን መልስ ሲፈልግ ካያችሁት ሌላ በር አንኳኩ።